ሰፈራቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ያዕቆብ 1ን እንዴት ላስጠና?

አራት ኪሎ አካባቢ ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚቆይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ፤ አሥር ሰው ገደማ ነን። ርዕሱ መከራና እምነት ነው። አብዛኞቹ ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱ ናቸው፤ ዕድሩም ጎረቤቱም ተበትኗል።

በያዕቆብ 1፥2-4 ጀምሬ ሮሜ 5፥3-5ን አስከተልኩ። ሁለቱም መከራ ትዕግሥትን እንደሚያፈራ ያስተምራሉ። ግን ያዕቆብ መከራን እንደ ደስታ ቁጠሩት የሚለው ላይ ስንደርስ ሁሉም «አሜን» ይልና ዝም ነው። አንዲት እናት «ኃጢአቴ ነው ያመጣብኝ» ሲሉ ኢየሱስ የአንዱ ሰው ዕውርነት በኃጢአት የመጣ አይደለም ያለበትን ዮሐንስ 9፥3ን አነበብኩላቸው፤ «ያ እኮ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ጉዳይ ነው» አሉኝ (አባባላቸው ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይመለስም)። ኢዮብ 42፥7 መከራህ ከኃጢአትህ ነው የሚሉትን የኢዮብን ወዳጆች ክርክር ስለሚነቅፍ ይሻል ነበር፤ መጽሐፉ ግን በአንድ ምሽት አይገፋም።

አሁን መዝሙር 88ን (በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ቁጥር 87) ላስቀድም አስቤአለሁ። በምስጋና ሳይሆን በጨለማ የሚያልቅ ጸሎት ስለሆነ ማንም ያልተሰማውን ደስታ እንዲያስመስል አያስገድድም። ስጋቴ ሰው እዚያው ምሬቱ ላይ እንዳይቀር ነው። እንዲህ ያስጠናችሁ ካላችሁ፣ ከልቅሶው ወደ ያዕቆብ የተሻገራችሁት በዚያው ምሽት ነው ወይስ ሳምንት አሳድራችሁ?