ከሉክሰምበርግ ተነስቶ በሁለት ቀን የትኞቹን ጥንታዊ የጀርመን ከተሞች ማየት ይሻላል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴና ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የምንቆየው ሉክሰምበርግ ከተማ ነው። ድንበር ተሻግረን ትሪየርን፣ ሳርቡርግን፣ በርንካስቴልንና ኮኸምን ለማየት አስበናል። መኪና የለንም፣ እናቴ ደግሞ ደረጃ ይከብዳቸዋል። በሁለት ቀን አራቱም ይዳረሳሉ?

የሞዜል ሰው
አራቱን በሁለት ቀን ካላችሁ የምታዩት ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ለትሪየር ስጡት። ቀጥታ ባቡር አለ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የሉክሰምበርግ ትራንስፖርት ከ2020 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ነፃ ነው፤ ነፃው ግን ድንበሩ ላይ ቫሰርቢሊግ ሲደርስ ያበቃል፣ ያውም ለሁለተኛ ማዕረግ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ሳትሳፈሩ ትኬት ቁረጡ፣ አለበለዚያ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቅጣት ነው።

ከትሪየር ጣቢያ እስከ ፖርታ ኒግራ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን በር ነው። ድንጋዮቹ ያለ ኖራ፣ በብረት ማሰሪያ ነበር የተያያዙት፤ በኋላ ዘመን ብረቱን ለመውሰድ ሲቦረቡሩት የቀሩት ጉድጓዶች ዛሬም ግድግዳው ላይ ይታያሉ። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ብቻ ስለሆነ እናትዎ ከውጭ ቢያዩት ይሻላል፤ ዋናው ውበቱም ከውጭ ነው።

ዘ ትሪየር
ለእናትዎ ከበሩ ይልቅ አብያተ ክርስቲያናቱን አስቀድሙ። ካቴድራሉ ውስጥ የንግሥት እሌኒ ነው የሚባል የራስ አጽም ይጠበቃል። የጌታ ቀሚስ ነው የሚባለውም እዚያው ነው፣ ግን እንዲሁ አይታይም፤ ለሕዝብ የሚወጣው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። የቆስጠንጢኖስ ዙፋን አዳራሽ የነበረው ባዚሊካ ቅርብ ነው፣ ርዝመቱ 67 ሜትር ነው። ከከተማው በስተደቡብ በቅዱስ ማትያስ ገዳም፣ በይሁዳ ፋንታ የተመረጠው ሐዋርያ መቃብር አለ ተብሎ ይታመናል። በእግር ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ያዙ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! ሰኞ ብንሄድስ?

ዘ ትሪየር
የሮማ ቅርሶች ያሉበት ትልቁ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው። ገበያ ካሰባችሁ ደግሞ እሑድን ተዉት፤ ሱቅ ይዘጋል።

የሞዜል ሰው
ለሁለተኛው ቀን ሳርቡርግ። ከትሪየር በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ድልድዩን ተሻግራችሁ ትሄዳላችሁ። በአሮጌው ከተማ መሃል፣ በቤቶቹ መካከል ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከሥሩ የወፍጮ መዘውሮች አሉ። ከላይ ቡና ይዞ ለማየት ደረጃ መውጣት አያስፈልግም።

በርንካስቴል ያምራል፤ በ1416 የተሠራችው፣ ከሥሯ ጠባብ ከላይዋ ሰፊ የሆነችው የእንጨት ቤት ብቻዋን ታስመጣለች። ግን ባቡር አይደርስም፤ ቪትሊሽ ወርዶ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ያለ መኪና አልመክርም። ኮኸም በባቡር ይደረሳል፤ ግንቡ ግን በ1689 ፈርሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተገነባ ነው፣ ዳገት ላይ ነው፣ ውስጡም ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው የሚታየው። ከጸናችሁበት እስከ 5 ሰው የሚያስጉዘውን የራይንላንድ-ፋልትስ (ከተሞቹ ያሉበት የጀርመን ክልል) የቀን ትኬት ግዙ፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይሠራም።

ድንበርተኛ
ፓስፖርት እንዳትረሱ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር አስገብታለች፣ ፖሊስ ባቡር ላይም ይወጣል። እናትዎና ወንድምዎ ቪዛው ያለበትን ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፣ እርስዎም የመኖሪያ ካርድዎን ከፓስፖርት ጋር። በስልክ ያለ ፎቶ አይበቃም።