በአክስቴ አድራሻ ልጄን ላስመዝግብ?

የሦስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ወገኖቼ። ኪራይ ጨመሩብኝ፣ ስለዚህ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ረከስ ያለ አፓርታማ አግኝቼ ልገባ ነው። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ይገባል። ያማከርኩት ሁሉ «የዛ ካውንቲ ትምህርት ቤት ደካማ ነው» ይለኛል። አክስቴ የሀብታም ሰፈር ቤተዝዳ ነው የምትኖረው፣ በእሷ አድራሻ አስመዝግቢው የሚሉኝ አሉ። የዜግነት ማመልከቻዬ ገና አላለቀም። ጣጣ ያመጣብኛል?

አሌክሳንድሪያ ነኝ
እህቴ፣ እንዳታደርጊው! እ.ኤ.አ. በ2011 አክሮን፣ ኦሃዮ አንዲት ጥቁር እናት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ የተሻለ ትምህርት ቤት አስገባሽ ተብላ 9 ቀን ታስራለች። በኋላ የስቴቱ ገዥ ከባድ ወንጀል የተባለውን ወደ ቀላል ዝቅ አደረገላት። የዲሲ ዓቃቤ ሕግም ሜሪላንድ እየኖሩ ልጆቻቸውን ዲሲ በነፃ ያስተማሩ ወላጆችን ከሷል። አንቺ ደግሞ ዜግነት እየጠበቅሽ ነው። ውሸት ያለበት ፎርም ላይ ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ጠይቂ፣ እኛን አትጠይቂ።

አስተማሪው (ሳን አንቶኒዮ)
ሁላችሁም ስለ አድራሻ ታወራላችሁ። አድራሻ ለምን የልጅን ዕድል እንደሚወስን የሚጠይቅ ጠፋ። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ከአካባቢው የሚያገኘው ገንዘብ በአብዛኛው የቤት ግብር ነው። እኔ ያለሁበት ከተማ ኤጅውድ የሚባል የሜክሲኮዎች ሰፈር አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሀብታሙ ከአላሞ ሃይትስ የበለጠ የግብር ምጣኔ ነበር የሚከፍለው፣ ቤቶቹ ርካሽ ስለሆኑ ግን ከዛ ግብር ለአንድ ተማሪ የደረሰው 26 ዶላር ነው፣ አላሞ ሃይትስ 333። ወላጆች ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 አምስት ለአራት ተሸነፉ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት አይደለም ተባለ። በዓመቱ የዲትሮይት ጉዳይ መጣ። የከተማውን ጥቁር ልጆችና የዳር ሰፈሮቹን ነጮች ለማቀላቀል የተሰጠውን ትእዛዝ ይኸው ፍርድ ቤት ሻረው። ነጩ ከከተማ ወጥቶ የራሱን ድንበር ካሰመረ በኋላ ጥቁርና ነጭን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ያለው የ1954ቱ የብራውን ፍርድ ምን ያደርገዋል?

ሜሪላንድ የቆየሁ
ጋሼ፣ ቴክሳስን ሜሪላንድ አያምጡብን። እዚህ ትምህርት ቤት በካውንቲ ነው የሚተዳደረው፣ ባልቲሞር ከተማን ጨምሮ 24 ብቻ ናቸው። ስቴቱም ለደሃው ካውንቲ ጨመር አድርጎ ይሰጣል። ሞንትጎመሪ ውስጥ በጀቱ የአንድ ካውንቲ ነው፣ ግን ቤተዝዳና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ክፍሎችን ገብታችሁ እዩ፣ ተማሪው አይመሳሰልም። የሚማሩበት ትምህርት ቤት በሰፈር ይወሰናል፣ ሰፈሩን ደግሞ ኪራዩ ይመርጥልሃል።
እህቴ፣ ፒጂ ውስጥ በዕጣ የሚገባባቸው የፈረንሳይኛና የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። እሱን ሞክሪ።

ከአትላንታ
እኔ ግልጹን ልናገር። ጥቁር የሚበዛበት ትምህርት ቤት ልጅ አይላክም። አለቀ። እኛ የመጣነው ልጆቻችን እንዲማሩ ነው።

አሌክሳንድሪያ ነኝ
ወንድሜ፣ የአንተ ልጅ ታዲያ ምንድን ነው? ፖሊስ ሲያስቆመው «ሀበሻ ነኝ» ብሎ ያልፋል? ፒጂ እኮ ጥቁሮች ከሚበዙባቸው ካውንቲዎች ሀብታም ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘግቷል። ለነጮቹ የግል ተከፈተላቸው። ከጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ ያለ ትምህርት ቀሩ። የእነሱ ወላጆች ባይሟገቱ አንተ ዛሬ ምን ልትመርጥ ነበር?

ናፋቂው (ዴንቨር)
እኔ ሌላ ነው ያሳሰበኝ። ሁለት ሥራ እየሠራሁ የእህቴን ልጆች አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በየዓመቱ ይጨምራሉ። «ወላጆች ተስማምተዋል» ይባላል፣ እኔን ማን ጠየቀኝ? የራሴ ልጅ የመንግሥት ነው የሚማረው። አገር ቤትም እኮ ያለው ወደ ግል፣ የሌለው ወደ መንግሥት ከሆነ ቆየ። የነጋዴውም የዘበኛውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን የተማርንበት ጊዜ ናፈቀኝ። እህቴን አቁሚ ብላት ደግሞ ዘመድ ሁሉ ይነሳብኛል።

የሦስት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
አመሰግናለሁ፣ የአክስቴን ነገር ትቼዋለሁ። የዕጣው ምዝገባ እስከ መቼ ነው? ስድስተኛ ክፍል ላይ ያስገባሉ?

ከአትላንታ
አሁን እኔ ዘረኛ ተባልኩ ማለት ነው? አሌክሳንድሪያ ያለሽው፣ ጥቁሮች የሚበዙበት ዲሲ ሳውዝኢስት ለምን አልተከራየሽም? ኪራዩ እዛ ይቀንስ ነበር እኮ።

አስተማሪው (ሳን አንቶኒዮ)
የዕጣውን አላውቅም እህቴ። የኤጅውድ ነገር ግን በ1973 አላበቃም። በ1989 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱለት፣ ከዛ ከሀብታም ሰፈር ወስዶ ለደሃው የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ሀብታሞቹ እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ።

ከአትላንታ
ጋሼ፣ ቆዩ እስቲ። መጀመሪያ እሷ ትመልስልኝ።