ጥቆማ፦ ሞዴላቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስን በአንድ ቅጂ ለመጫን የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከአንድ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ሠላሳ ያህል ኮምፒውተሮች አሉ። ግማሾቹ በግዢ፣ ግማሾቹ በእርዳታ የመጡ ስለሆኑ ሞዴላቸውም የሃርድ ዲስካቸው መጠንም አይገናኝም። በየክረምቱ ዊንዶውስን፣ ኦፊስንና ፓወር ግዕዝን አንድ በአንድ ከመጫን የሚገላግለኝ ነገር እፈልጋለሁ። የጥገና ሱቆች ዋጋ የሚቆርጡት በኮምፒውተር ልክ ስለሆነ በጀታችን አይችለውም። ነፃ የሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ 1

መምህር፣ ለእርስዎ የምጠቁመው ዊምሊብን ነው፤ የዊንዶውስን ቅጂ የሚይዝና የሚዘረጋ ነፃ ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስን የሚያከፋፍለው ዊም በሚባል የፋይል ዓይነት ነው፤ በመጫኛው ውስጥ ሶርስስ የሚለውን ፎልደር ቢከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ኢንስቶል ዶት ዊም የሚል ግዙፍ ፋይል ያገኛሉ። ዊም ዲስኩን እንዳለ አይገለብጥም፤ የሚሰበስበው ፋይሎቹን ነው። ስለዚህ ከ500 ጊጋባይት ዲስክ የወሰዱት ቅጂ፣ ይዘቱ እስከቻለ ድረስ፣ 128 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይዘረጋል። የዲስክ መጠን አለመገናኘቱ ከእንግዲህ አያሳስብዎትም።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ በሚሰላ፣ ኤስኤችኤ-1 በሚባል አሻራ ስለሚለይ፣ አንድ ዓይነት ይዘት ያለው ፋይል የትም ቦታ ቢደጋገም የሚቀመጠው አንዴ ብቻ ነው። የተማሪዎቹን ቅጂ ከያዙ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱን ቅጂ በአፔንድ ትዕዛዝ እዚያው ፋይል ውስጥ ቢያክሉ፣ ፋይሉ የሚያድገው በልዩነቱ ልክ ነው። ሆም እና ፕሮ የሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች በአንድ መጫኛ ውስጥ የሚታቀፉትም በዚሁ ዘዴ ነው።

ዊምሊብን የጻፈው ኤሪክ ቢገርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ ይለቀቃል፣ ምንጩም ክፍት ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የማይክሮሶፍት ዲዝም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ሲሠራ፣ ይህኛው በሊኑክስም በማክም በዊንዶውስም ይሠራል። በመሠረቱ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ላይብረሪ ነው፤ የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጀው ሩፉስ ከ4.8 ስሪቱ ጀምሮ የዊም ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ነው። ለእኛ ግን አብሮት የሚመጣው ዊምሊብ ኢሜጅኤክስ የተባለው የትዕዛዝ መሣሪያ ይበቃናል። ቁልፍ እየተጫኑ የሚሄዱበት መስኮት እንደሌለው ግን አስቀድመው ይወቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን ኮምፒውተር እንደሚፈልጉት አድርገው ያዘጋጁ፤ ፓወር ግዕዙ፣ ኦፊሱ፣ ፕሪንተሩ ሁሉ ይግባ። ከዚያ ሲስፕሬፕ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ የኮምፒውተሩን የግል መለያ ያጥፉና ይዝጉት። ቀጥለው ኮምፒውተሩን በሊኑክስ ፍላሽ ያስነሡና ካፕቸር የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ለትዕዛዙ መሰጠት ያለበት የዊንዶውሱ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) ራሱ ነው፤ ፓርቲሽኑን ከፍተው ፎልደሩን ከሰጡት ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ አደረጃጀት ላይ ያሉት የፋይሎቹ ፈቃዶች (ማን የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሚችል የሚወስኑት) ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። ፓርቲሽኑን በቀጥታ ሲሰጡት ግን ፈቃዶቹም አጫጭር የዶስ ስሞቹም ሳይጎድሉ ይያዛሉ። ዊንዶውሱ ፋስት ስታርታፕ (ቶሎ ለመነሣት ሲል ሙሉ በሙሉ የማይዘጋበት ስልት) ከበራበት ደግሞ ቀድመው ያጥፉት፤ አለበለዚያ ዲስኩ በግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ሲዘረጉ ትዕዛዙ አፕላይ ነው። ፋይሎቹን ቦታ ቦታ ያስይዛል እንጂ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ክፍል አይሠራልዎትም፤ ለዚያ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብተው ቢሲዲቡት የሚለውን መሣሪያ ማስኬድ ይኖርብዎታል። ድራይቨርና ማሻሻያ በቅጂው ውስጥ መክተትም የዲዝም ሥራ ነው። ዊምሊብ ይህን እሠራለሁ ብሎ ቃል አልገባም፤ እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ይዣለሁ።

መልስ 2

ከላይ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ ትንሽ ይከብዳል። እኔ ክሎንዚላን እመርጣለሁ። የታይዋኑ ብሔራዊ የከፍተኛ ኮምፒውቲንግ ማዕከል ያዘጋጀው ነው፣ እሱም ነፃ ነው። በሜኑ እየመረጡ ይሄዳሉ፤ ሙሉ ዲስኩን ከማስነሻው ጋር ስለሚገለብጥ ቢሲዲቡት የሚባል ጣጣ የለበትም። በኔትወርክ ለብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ መላክም ይችላል።

መልስ 1

ኮምፒውተሮቹ መንታ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ክሎንዚላን እል ነበር። ነገር ግን ክሎንዚላ የሚቀዳው ጥቅም ላይ የዋሉ የዲስክ ብሎኮችን (የዲስኩን ትናንሽ ክፍሎች) ነው፤ እንደተለመደው ሲጠቀሙበትም መቀበያው ዲስክ ከምንጩ ማነስ የለበትም። የመምህሩ ዲስኮች አይገናኙም ተብሏል። ደግሞም ከዊም ውስጥ የጠፋ አንድ ፋይል ሲፈለግ ሰቨን ዚፕ እንኳ ከፍቶ ያወጣዋል፤ ከክሎንዚላ ቅጂ ያንኑ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው።

መልስ 3፣ ከጥገና ባለሙያ

ሱቅ ስላለኝ ከባለ ሱቅ ወገን ልናገር። በኮምፒውተር ልክ ማስከፈል የተለመደ ነው፤ ለብዙ ኮምፒውተር ግን አንዱን አዘጋጅቶ የዊም ፋይሉን እንዲያስረክብዎት ከባለሙያ ጋር መዋዋል ይችላሉ። ፋይሉ በእጅዎ ከሆነ የሚቀጥለው ክረምት የእርስዎ ነው። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር የተዘጋጀ ዊንዶውስ ግን አይቀበሉ። በዊምሊብ ኢንፎ እና ዲር ትዕዛዞች ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጭኑት ማየት ይቻላል፤ ማየት ግን ዋስትና አይደለም። መነሻው ከማይክሮሶፍት የወረደ መጫኛ ይሁን።

ፍላሽን በተመለከተ፦ የአሁኑ ኢንስቶል ዶት ዊም ብዙ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል፣ ፋት 32 የሚባለው የፍላሽ አደረጃጀት ደግሞ ይህን ያህል ፋይል አይቀበልም። ብዙ ኮምፒውተሮች በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) የሚነሡት ከፋት 32 ፍላሽ ነው። መፍትሔው በስፕሊት ትዕዛዝ ፋይሉን በ3800 ሜጋባይት መክፈል ነው። ኢንስቶል ዶት ኤስደብልዩኤም፣ ኢንስቶል 2 ዶት ኤስደብልዩኤም የሚሉ ቁርጥራጮች ይወጣሉ፤ ትልቁ ፋይል በፍላሹ ላይ ሳይኖር እነሱን ሶርስስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። መጫኛው ራሱ ያገኛቸዋል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው በሩፉስ ቢሠራ ይቀለዋል፤ ሩፉስ ግን ሊኑክስና ማክ ላይ የለም።

ጥያቄ፣ ከሌላ አንባቢ

እኔ ያለኝ ማክ ብቻ ነው፤ ይሆንልኛል?

መልስ 1

ይሆናል፤ ሆምብሩ (ማክ ላይ ፕሮግራም መጫኛ) ካለዎት ዊምሊብን በእሱ ይጭኑታል፣ ስፕሊቱም እንደተባለው ይሠራል። ቅጂውን ሳይዘረጉ እንደ ዲስክ ከፍቶ ማየት የሚቻለው ግን በሊኑክስ ነው።

መምህሩ

አመሰግናለሁ፣ ዊምሊብን ልሞክር ነው። ፋይሉ እንዲያንስ ኢኤስዲ ወደሚባለው ይበልጥ የታመቀ የፋይል ዓይነት ልለውጠው? ቦታ ያተርፋል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ 1

ያተርፋል፤ ኤልዜድኤምኤስ በሚባለው ጠንካራ አመቃቅ ስለሚሠራ ፋይሉ በግልጽ ያንሳል። ነገር ግን ለማመቅ ብዙ ሜሞሪና ጊዜ ይበላል፤ ከመሃል አንድ ፋይል ማውጣትም ይዘገያል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ረጅም ሥራ መጀመር ደግሞ አይመከርም። ዊምሊብ ሳይነግሩት የሚመርጠው ኤልዜድኤክስ ይበቃዎታል። ፓይፓብል የሚለውን አማራጭም ይተዉት፤ የዊምሊብ የራሱ ፈጠራ ስለሆነ የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች አያነቡትም። ሲቀዱ ቼክ የሚለውን አማራጭ ይጨምሩበት፤ ፋይሉን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ካሻገሩ በኋላም በቬሪፋይ ትዕዛዝ ይፈትሹት። ያ ሃርድ ዲስክ ፋት 32 ከሆነ ትልቁን ፋይል ስለማይቀበል፣ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ይሁን።