«የከተማ ሰው ጎተራው ገበያው ነው» ስለተባለው (በቅጽል ስም የተጻፈ የሐዋሳ ሰዎች ክርክር)

የታቦር ልጅ፦ በዚህ ሳምንት በአንድ የክፍለ ከተማ ስብሰባ ስለ ድርቅና ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ፣ መድረክ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ «የከተማ ሰው ጎተራው ገበያው ነው፤ ቤት ውስጥ እህል ማስቀመጥ የድሮ ነገር ነው» አለ። ሰውም አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ድርቅና ሰደድ እሳት ስንዴዋን ሲፈጅባት በነሐሴ ኤክስፖርት ዘጋች። ህንድ በ2022 ስንዴዋን ሙቀት ሲመታው በግንቦት ዘጋች፤ በዓመቱ በሐምሌ ደግሞ ከባስማቲ በስተቀር ነጭ ሩዟን ዘጋች። አይፈረድባቸውም፣ ሁሉም መጀመሪያ የራሱን ሕዝብ ነው የሚያበላው። እኛ ግን ፓስታውንም ሩዙንም ከዚያው ገበያ እየጠበቅን «ጎተራችን ነው» ማለታችን ምን የሚሉት ነው?

እህል በረንዳ፦ ባለሙያው አልተሳሳተም። ሐዋሳ ያለ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ወር ሁለት ሁለት ኩንታል በቆሎ ልግዛ ቢል ዋጋው በሳምንቱ ጣሪያ ይነካል፤ የቀን ሠራተኛው መጀመሪያ ይጎዳል። ደግሞ ነጋዴ መጋዘን አለው፣ ርብራብ አለው፣ እህል ማገላበጥ ያውቅበታል። እናንተ አልጋ ሥር ልታስቀምጡት ነው። በሦስተኛው ወር ግማሹ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ማን በሐምሌ ግዙ አለ? በቆሎ የሚገዛው በኅዳር፣ ጤፍ በጥር ነው። ገበሬው ለዕዳም ለነቀዝም ፈርቶ በርካሽ በሚሸጥበት ሰዓት ገዢ ሲበዛለት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። መጠኑንም እንየው። በሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። 5 ሰው ላለበት ቤት በ3 ወር 225 ኪሎ እህልና 60 ኪሎ ጥራጥሬ ይመጣል። ይሄ ነው እንግዲህ «የድሮ ነገር» የተባለው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ 225 ኪሎ በአንድ ክፍል ተከራይ ቤት የት ይገባል? እስቲ ንገሩን። የግቢ ቤት ያላችሁ ሰዎች ናችሁ የምታወሩት።

ሰብል ጥበቃ፦ ሁለት ባለ 100 ኪሎ ከረጢት ጎን ለጎን ቢቆም አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም። ቦታው አይደለም ችግሩ። ችግሩ ምን ዓይነት እህል እንዳስገባችሁና በምን እንደዘጋችሁት ነው፤ እህል በረንዳ ያነሱት ነቀዝ ደግሞ እውነት ስለሆነ በደንብ እንነጋገርበት።

ነቀዝ ቤታችሁ ከገባ በኋላ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከማሳው ጀምሮ አብሮ ይመጣል። እናቲቱ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ውስጡ ታስቀምጥና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል በቆሎ ገዝታችሁ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ነቀዙ እየበሳ ይወጣል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ዑደቱ ይፈጥናል።

ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ብቻ ከሆነ አየር ስለሚገባ አይሆንም። የሚያዋጣው ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ ማዳበሪያ። መድኃኒት የለውም። ነቀዙ ራሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል። ግን አሠራሩ ላይ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ላስቲክ አየር ሞልታችሁ አፉን ጨብጡና ጫን ጫን አድርጉት፤ ፉጨት ከሰማችሁ ቀዳዳ አለው። እህሉን ስትጨምሩ ወደ ዳርና ወደ ጥግ ጠቅጥቁት፣ አየር እንዳይቀር። ከላይ ሁለት ስንዝር ያህል ትርፍ ላስቲክ ተዉ። የውስጠኛውን አፍ እንደ ገመድ እስኪጠነክር ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ፣ እጥፋቱ ላይ እሰሩ። ከዚያ ሁለተኛውን እንደዚያው፣ ከዚያ ማዳበሪያውን። ብዙ ሰው ሁለቱን ላስቲክ አንድ ላይ ያስራል፤ ያኔ አፉ በደንብ ስለማይታሸግ አየር መግቢያ ያገኛል። ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ግድግዳ አይንካ፣ መሬት ለመሬት አይጎተት። አይጥ ካለ መጀመሪያ አይጡን አጥፉ፤ ላስቲክ ለአይጥ ምንም አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን እህሉ ደረቅ መሆን አለበት፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ያልበለጠ። እርጥብ በቆሎ ጥብቅ አድርጎ መዝጋት እህሉን ራሳችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ 13 በመቶ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በጥርስ?

የታቦር ልጅ፦ በጨው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን እስከ ሲሶ ጨምሪ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሪበት፣ ክደኚና አንድ ደቂቃ ያህል አንገጫግጪው፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው። ካልተለጠፈ ዝጊው።

ሰብል ጥበቃ፦ «ካልተለጠፈ ዝጊው» የሚለው ላይ አልስማማም። የጨው ሙከራ የሚነግርሽ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ነው። በ14 በመቶ በማዳበሪያ የተቀመጠ እህል ትንሽ ይተነፍሳል፤ ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ግን ይሻግታል። ጨው ካለፈ በኋላም አንድ ሁለት ጥሩ የፀሐይ ቀን ይጨመርበት፣ ሸራ ላይ፣ ሦስት አራት ጣት ውፍረት ብቻ፣ በየሰዓቱ እየተገላበጠ፣ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ይሰብሰብ። ባዶ መሬት ላይ ከሰጣችሁት እርጥበቱን መልሶ ከመሬት ይጠጣል።

የታቦር ልጅ፦ ሕዝቡ ጭራሽ ከሚሸሽ ጨው ይሞክርና ይዝጋ ነው ያልኩት። ፍጹም እንዲሆን ካልን ማንም አይጀምርም።

ሰብል ጥበቃ፦ ወንድሜ፣ «ይጀምር» ብለህ የሻገተ በቆሎ ልጅ እንዲበላ አታድርግ። ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ብትቀቅለው፣ ብትጋግረው፣ ብትፈጨው አይጠፋም። ድርቅ የመታው በቆሎ ደግሞ ገና ማሳ ላይ እያለ ሊይዘው ይችላል፣ ስለዚህ በድርቅ ዓመት በቆሎ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ፤ የተሰነጠቀውን፣ ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቢጫ አቧራ ያለበትን ለቅማችሁ ጣሉ። ለዶሮም አትስጡ። ጨዋችሁም ራሱ እርጥብ ከሆነ ሙከራው ውሸት ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ ምጣድ ላይ አድርቁት።

እህል በረንዳ፦ ይኸው! እኔ ያልኩትን ነው የምትናገሪው። ይህ ሁሉ ጣጣ እያለ «እያንዳንዱ ቤት ያስቀምጥ» ማለት ምን ማለት ነው? ገበያው ይሄንን ሥራ ተከፍሎት ነው የሚሠራልህ።

ሰብል ጥበቃ፦ ጋሼ፣ ገበያው ይሠራል ያሉት እውነት ከሆነ በግንቦት የምንገዛው በቆሎ ለምን የተበሳሳ ይሆናል? ጣጣ ከተባለ ደግሞ በቆሎ ላይ አትሙቱ። ጤፍ አይነቅዝም፤ ፍሬው ለነቀዝ እንቁላል አይበቃም። ደረቅ ከሆነ ዓመታት ይቆያል። ዋጋው ነው የሚያስቸግረው። ለ3 ወሩ አንድ ሦስተኛውን ጤፍ፣ ቀሪውን በቆሎ አድርጎ መያዝ ይቻላል። ቦሎቄውን ግን ያለ ፒክስ አታስቀምጡ፣ የራሱ ነቀዝ አለው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ የነቀዝ ኪኒን አንድ ሁለት ፍሬ ጣል ቢደረግስ? ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ሰብል ጥበቃ፦ በፍጹም! በፍጹም ሰው በሚተኛበት ክፍል እንዳታደርጉት። ያ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በበር ሥር ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ቀድመው የሚያልቁት ሕፃናት ናቸው። ሰው ለማይኖርበት፣ ለታሸገ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ቃል እባካችሁ እዚህ ላይ አትጠቀሙ።

የቱላ ሰው፦ እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ሐዋሳ ተቀምጣችሁ ስለ ክፉ ቀን ስትከራከሩ እንሰት የሚል ቃል ሳይነሳ ይሄን ያህል መጻፋችሁ ይገርመኛል። ጎተራው እኮ ጓሮ ቆሟል። ድርቅ ሲመጣ በቆሎ ዝናቡ በሁለት ሳምንት ቢዘገይበት አበባው ላይ ይቀራል፤ እንሰት ውኃውን ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ሲገባም በቆሎው ላይ ነው የዘመተው። ከ40 እስከ 60 እግር የደረሰ እንሰት ለ5 ወይም ለ6 ሰው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ የሚይዘውም ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ነው። ተፍቆ፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ዋሳው (ቆጮው) ለወራት፣ ከተያዘም ከዚያ በላይ ይቆያል። ጨው ማንገጫገጭ የለ፣ ላስቲክ የለ።

እህል በረንዳ፦ «የደረሰ» ያልከው ቃል ላይ ቁም። እንሰት እንደ ቦታው ለመድረስ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። በዓመት 50 የምትቆርጥ ከሆነ፣ 5 ዓመት ብንለው፣ ሁልጊዜ 250 እግር በየዕድሜው ቆሞ መገኘት አለበት። የመሬቱን ስፋት በ5 አባዛውና ሐዋሳ ውስጥ ለማን እንዳለ ንገረኝ።

የቱላ ሰው፦ ሂሳብዎ ትክክል ነው፣ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። የምንነጋገረው ስለ 3 ወር ነው። ለ3 ወር በዓመት 12 ወይም 13 እግር ይበቃል፣ በ5 ዓመት 60 እግር። ያ ደግሞ ከተማ ዳር ያለ ጓሮ ይችለዋል። ችግኙም አይገዛም፤ የሁለት የሦስት ዓመት እንሰት ተቆርጦ፣ አምቾው (መሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ሥሩ) መሀል ያለው እምብርት ወጥቶ ሲቀበር ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል።

ሰብል ጥበቃ፦ የቱላ ሰው ያነሳው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም እንሰት ይተከል ባይ ነኝ። ግን አጠውላጊ የሚባለውን የእንሰት በሽታ ሳትጠቅስ አትለፍ። መካከለኛው ቅጠል ጠውልጎ፣ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ካወጣ በሽታው ገብቷል፤ መድኃኒት የለውም። የሚያሰራጨው በአብዛኛው የኛው ቢላ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላውን እሳት ላይ አግሉት ወይም በረኪና ውስጥ ንከሩት። ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ቢላማ ሳታግሉ አትንኩበት። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ፤ ከብት አትስጡ።

ሌላው፣ ቆጮ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ቦሎቄ ወይም ወተት ከሌለ ልጅ ይከሳል።

የቱላ ሰው፦ ዋሳን ብቻውን የሚበላ ሲዳማ አሳዪኝ። ጎመኑና ወተቱ አብሮ ነው የሚታሰበው። እንሰትን ስትጠሩ «ግን» ማለት ልማድ ሆኗል።

ሰብል ጥበቃ፦ ቢላውን አግሉ ማለት «ግን» አይደለም፣ ወንድሜ። እንሰቱ እንዲኖር ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ እሺ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ እንሰት አይተከልም፤ ሁለት ፒክስ ግን ይቆማል፣ እሱን አምኛለሁ። በአንድ ጊዜ የ225 ኪሎ ብር ግን የለኝም።

የታቦር ልጅ፦ በዕቁብ ነው። አሥር ቤት ሆናችሁ ከመስከረም ጀምራችሁ ካጠራቀማችሁ በኅዳር መጨረሻ ከዩኒየን ወይም ከገበሬው በቀጥታ 20 ኩንታል ይገዛል። ያልደረቀ ከሆነ ዕድሩ ሸራ አለው፣ እዚያ ላይ ይሰጣል። ሲቀመጥ ቀኑ ይጻፍበት፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። በግንቦት መብላት ትጀምራላችሁ፣ በኅዳር ትተካላችሁ።

እህል በረንዳ፦ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፣ መልሱልኝ። በሐምሌ ገበያ ወጥቶ በቆሎ የሚገዛው የከተማ ሰው ብቻ ይመስላችኋል? ኅዳር ላይ በርካሽ የሸጠላችሁ ገበሬ ራሱ በሐምሌ ሊገዛ ይመጣል። ከተማው በኅዳር አፍሶ በየቤቱ ከቆለፈበት፣ እሱ የማንን ጎተራ ይከፍታል?

የታቦር ልጅ፦ ያኔ ከተማው በሐምሌ አይገዛም፣ ገበያው ላይ ያለው ለገበሬው ይቀራል። የሚሻማው ሰው አነሰ ማለት እኮ ነው።

እህል በረንዳ፦ የሚገኝ ካለ። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠባቂ ሲሆን ከየት ነበር የሚቀረው?

የቱላ ሰው፦ ለዚህ ነው ገበሬውም ፒክስ ይኑረው፣ እንሰቱም ይብዛ የምለው። በኅዳር በርካሽ የሚሸጠው ነቀዝ ፈርቶ ከሆነ፣ ከረጢቱን ከከተማው በፊት እሱ ይያዝ።

እህል በረንዳ፦ ዕዳውንስ? ከረጢት የማዳበሪያ ዕዳ አይከፍልም። ዕዳው በኅዳር ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ሰብል ጥበቃ፣ አንድ ነገር ቀረሽ። አንዴ ከፍቼ 10 ኪሎ ካወጣሁ በኋላ መልሼ ብዘጋው ይሆናል?

ሰብል ጥበቃ፦ ይሆናል፣ ቶሎ ቶሎ ካልተከፈተ። በከፈትሽ ቁጥር አየር ስለሚገባ ነቀዙ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ሁለቱን ከረጢት አንድ ላይ አትክፈቺ፤ ከአንዱ የወሩን በአንዴ አውጪና በእንስራ ወይም በባልዲ አስቀምጪ። ከዚያ አየሩን እያስወጣሽ መልሰሽ ጠምዝዢ፣ ላስቲኮቹን ለየብቻ እሰሪ።

የታቦር ልጅ፦ የዕዳው ጥያቄ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ለእሱ መልስ የለኝም። «ጎተራው ገበያው ነው» የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

እህል በረንዳ፦ እኔም አልተውኩትም።