አባቴ ለጾሙ ይመጣሉ፤ አዲሱ ስፒከር ላይ ምን ላሰማቸው?

የመሐል ሜዳው፦
ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ስመኘው የኖርኩትን ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዝቼ ሳሎን ውስጥ አቁሜዋለሁ። አባቴ በዐቢይ ጾም ከመንዝ ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙዚቃ የሰሙት በራዲዮና በካሴት ነው፤ ልዩነቱን ጆሯቸው እንዲፈርድ እፈልጋለሁ። ስልኬ ላይ ያሉት ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ግን እዚህ ላይ ከድሮው የባሰ ሻከሩብኝ። ምን ላጫውትላቸው?

ጣርማበር፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ካሴቱ የሻከረብህ ስፒከሩ ጥሩ ስለሆነ ነው። የቴፑን ሽውታም፣ ኤምፒስሪው ሲጨመቅ የጎደለውንም አይሸፍንልህም። ሲዲ ወይም ፍላክ (ሲጨመቅ ድምፁ የማይጎድልበት ፋይል) ፈልግ።

ጾም ላይ ከመጡማ በገና ነው፤ አታመንታ። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን አልበም፣ ኢትዮፒክስ ከሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ቁጥር 11ን አሰማቸው። አባትህ በገናን በአካል ያውቁታል፤ ስለዚህ ማንም ሳያስረዳቸው ይፈርዳሉ። በአውታሩና በበርኩማው (አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ) መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ናት ያንን ንዝረት የምታወጣው። ደካማ ስፒከር ላይ ሁሉም ተደበላልቆ የንብ ቀፎ ይመስላል። ጥሩው ላይ ግን ጣቱ አውታሩን ሲነካ፣ ወዲያው ቆዳዋ ስትነዝር፣ የደርዳሪውም ድምፅ ከበላይ ሲመጣ ለየብቻ ትሰማለህ። እኔ ይህን ስሰማ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ድምፁን አደራህን አታስጩኸው። በገና ለስላሳ መሣሪያ ነው፤ አንድ ሰው እዚያው ሳሎን ተቀምጦ ቢደረድር በሚሰማበት ልክ ይሁን። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሮቢት፦
ለፋሲካ እንግዳስ? እኔ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያስቀረፀውን ነው የምከፍተው። ቤዙ ደረት ይመታል!

ጣርማበር፦
ልክ ነህ፣ እኔም በፋሲካ በገና አልከፍትም። ሙላቱም ሸጋ ምርጫ ነው። ቤዙን ግን የትኛውም ትልቅ ስፒከር ያንጎደጉደዋል፤ ቪብራፎኑን፣ ያንን በመዶሻ የሚመታ የብረት ዘንጎች መሣሪያ፣ ስማው። ብረቱ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቀስ እያለ እስኪጠፋ መከተል ከቻልክ ዕቃህ ዋጋውን አውጥቷል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖም፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 21ን፣ ለዚሁ ነው የምወደው።

የመሐል ሜዳው፦
እግዜር ይስጥልኝ። በገናውን አገኘሁት። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ነው መሰለኝ ትንሽ ያስተጋባል።

ጣርማበር፦
የመንዝ ልጅ ሆነህ ባና አታጣም! አንዱን ወፍራም ባና ከስፒከሮቹ ፊት ወለሉ ላይ አንጥፍ፤ ሌላውን ከመቀመጫህ ጀርባ ግድግዳው ላይ ስቀል። ሱፍ ቀጭኑን ማስተጋባት ይውጠዋል። ወፍራሙን ድምፅ ግን አይበግረውም። ቤዙ ከጎላብህ ስፒከሮቹን ከግድግዳው፣ በተለይ ከማዕዘኑ፣ ስንዝር ስንዝር እያልክ ሳብ አድርጋቸውና እየሰማህ የሚስማማህ ቦታ ላይ አቁማቸው። ይህን አባትህ ሳይደርሱ ጨርሰው።