አስቸኳይ፦ የጋብቻ ሰርተፊኬት እስከ ዓርብ አምጡ ተባልን

የጎንደሯ፦ እባካችሁ እርዱኝ። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት እኔን በእሱ ኢንሹራንስ ለማስገባት የጋብቻ ሰርተፊኬት እስከ ዓርብ አምጡ አለ። ወረቀት የለንም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ መርቆን ነው እዚህ አሜሪካ የምንኖረው። የእኔ ኢንሹራንስ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ነፍሰ ጡር ነኝ። 7 ዓመት አብሮ የኖረ በሕግ እንደተጋባ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ አልፈናል። ማረጋገጫው የት ነው የሚሰጠው?

የአራዳ ልጅ፦ ስቴትሽ የት ነው? እሱን ሳታውቂ መልስ የለም።

እማማ ቡና፦ ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን። ግን ሽማግሌ የላኩት ወላጆች ወረቀቱንም ማሳሰብ ነበረባቸው። ስንቱ እህታችን ባሏ ሲሞት ሚስትነቷን ማስረዳት አቅቷት አልቅሳለች! ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ በዚያው በቁርባን ተጋቡ።

ዳላስ ነኝ፦ ቀላል ነው። ካውንቲ ክለርክ (የወረዳው መዝጋቢ ቢሮ) ጋ «ተጋብተናል» የሚል ፎርም ሞልታችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ አለቀ።

የአራዳ ልጅ፦ ዳላስ፣ እሱ የቴክሳስ ነው። ሌላ ቦታ አይሠራም።

የጎንደሯ፦ ይቅርታ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። በፊት ግን ዲሲ አብረን ኖረናል።

ሸገር፦ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? በአገራችን የቤተሰብ ሕግ የባህል ጋብቻ ሙሉ ጋብቻ ነው።

ፓራሊጋሏ፦ ሸገር፣ ያ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተፈጸመ ጋብቻ ነው። እነሱ እዚህ ነው የተጋቡት።
የጎንደሯ እህቴ፣ የ7 ዓመት ሕግ የትም ስቴት የለም። ሜሪላንድ ኮመን ሎው ጋብቻ (ያለ ወረቀትና ሥነ ሥርዓት፣ ባልና ሚስት ተባብሎ በመኖር የሚጸና) አይፈጥርም፤ ሌላ ቦታ በሕግ የጸናውን ግን ይቀበላል። ዲሲ ይፈቅዳል። እዚያ ሳላችሁ «ከአሁን ጀምሮ ባልና ሚስት ነን» ተባብላችሁ ከኖራችሁ ያኔ ተጋብታችኋል ማለት ይቻላል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ታክስ ላይ «ያላገባሁ» ብላችሁ ከሞላችሁ ይጋጭባችኋል። ክርክሩም እስከ ዓርብ አያልቅም።
ስለዚህ ነገ ጠዋት ሮክቪል፣ ሰርኪት ኮርት ክለርክ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ጋ ሂዱና የጋብቻ ላይሰንስ (ፈቃድ) አውጡ። የሚጸናው ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ሥነ ሥርዓቱን ፍርድ ቤቱ ያስፈጽማል፣ ካህንም ይችላሉ። ምስክር አይጠየቅም። ቀጠሮ ስለሚፈልግ አሁኑኑ ደውሉ። ዓርብ ባይደርስም አትደንግጪ፤ ጋብቻ ራሱ ከተፈጸመ በኋላ ኢንሹራንሱ ላይ ለመመዝገብ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጣል።

ዳላስ ነኝ፦ አሁንም ክለርክ ጋ ሂዱ ነው የምለው።

ቨርጂንያ፦ የመሥሪያ ቤቱን ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር) ዶሜስቲክ ፓርትነር (ሳይጋባ አብሮ የሚኖር አጋር) ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። እስከ 2015 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በብዙ ስቴት መጋባት ስለማይችሉ ብዙ ኩባንያ በዚህ መንገድ ያስገባቸው ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋብቻውን በሁሉም ስቴት ከፈቀደ በኋላ ያስቀሩት አሉ፤ ለወንድና ሴትም ክፍት ያደረጉት አሉ።

የአራዳ ልጅ፦ ደግሞም ኢንሹራንስሽ ሲቋረጥ በስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ለመግዛት 60 ቀን አለሽ። ያለ ሽፋን አትወልጂም። ለሠርጉ ግን ጥሩን!

የአትላንታ እናት፦ እኔስ? ከሰውየው ጋር ከ1995 ጀምሮ እዚህ ጆርጂያ አለን፣ ወረቀት የለንም።

ፓራሊጋሏ፦ እትዬ፣ ጆርጂያ ኮመን ሎው ጋብቻን ያቆመው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የጸናው አልፈረሰም። የዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ ውልና የባንክ ወረቀት ፈልጊ።