ለርዕስ የሚሆን ጠባብ ባለ ሰሪፍ (የመስመሮቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት ያለው) ፎንት፦ አማርኛውና ቁቤው እንዴት ይመጣጠኑ?

አዌቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚወጣ የቡና መጽሔት ሌይአውት ነው። ኤ4፣ ሦስት አምድ፤ ርዕሱ የሁለት አምድ ስፋት (118 ሚሜ) ይይዛል፣ በ48 ፖይንት። የተፈለገው ጠበብ ያለ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር በደንብ የሚለያይ ፎንት ነው። በቦዶኒ ሞዳ ፎንት የቁቤው (በላቲን ፊደል የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞው) ርዕስ ሦስት መስመር ይፈጃል፤ በሆሪዞንታል ስኬል (ፊደሉን ወደ ጎን በመጭመቅ) ወደ 70 ከመቶ ሲጠብ ደግሞ መልኩ ይበላሻል። ምን ትላላችሁ?

ቀለምቀንድ፦ ስኬሉን ወደ 100 መልሰው። በዚያ መንገድ ሲጠብ የሚሳሳው የቆመው ወፍራም መስመር ብቻ ነው፤ የተጋደመው ቀጭን እንዳለ ይቀራል፤ የፎንቱ ውበት የሆነው ልዩነት ይጠፋል ማለት ነው። ከመነሻው ጠባብ ተደርጎ የተሳለ ያስፈልግሃል።

ለቁቤው ኖቶ ሰሪፍ ዲስፕሌይ ኤክስትራ ኮንደንስድ (እጅግ ጠባቡን) ሞክር። ቁቤ ፊደል እየደረበ ስለሚጽፍ መርዘሙ አይቀርም፦ «ጽሑፍ» 3 ፊደል ነው፣ «በሬፈማ» (ያው ጽሑፍ ማለት ነው) በቁቤ barreeffama፣ 11። ለአማርኛው ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ጠባብ ዓይነቶች አሉት። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ኢትዮፒኩ ግን ያን ያህል የሳሳ መስመር የለውም፤ ስለዚህ ቀጭኑን ለማመሳሰል አትድከም፣ ወፍራሙን አመሳስል። መጀመሪያ መጠኑን አስተካክል፤ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ በእኩል ፖይንት ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ገዝፎ ይታያል። ከዚያ የ«በ»ን እግር ከላቲኑ የቆመ መስመር ጋር እያስተያየህ ውፍረቱን ቀይር። ውፍረቱን ካስቀደምክ መጠኑን ስትነካ ድጋሚ መለካት ነው።

ባለፕሌት፦ ከማተሚያው በኩል ደግሞ፦ ቀጭኗ መስመር የፎንቱን መጠን 1.5 ከመቶ ብትሆን በ48 ፖይንት 0.72 ፖይንት ትሆናለች፣ በ12 ፖይንት 0.18። ይቺ ኦፍሴት ህትመት ላይ ትቆራረጣለች። ከ24 በታች ለሆነ ነገር ሌላ ፎንት ይሁን። ርዕሱ ጥቁር ቀለም 100 ከመቶ ብቻ ይሁን፤ ከአራቱም ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ከሆነ ፕሌቱ (የማተሚያው ሰሌዳ) ፀጉር ታህል ሲዛነፍ የፊደሉ ጠርዝ ላይ ሌላ ቀለም ይታያል። በጥቁር የቡና ፎቶ ላይ ነጭ ርዕስ ካሰባችሁ ውፍረቱን አንድ ደረጃ ጨምሩ፤ ዙሪያው ያለው ቀለም ሰፍቶ ቀጭኗን ይውጣታል። አርት ፔፐር ላይ ችግሩ ይቀንሳል፣ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ይብሳል።

አዌቱ፦ በጣም አመሰግናለሁ። «የጅማ ቡና ከጫካ እስከ ጆንያ» በኤክስትራ ኮንደንስድ ሲጻፍ «ጫ» ድፍን ብሎ ይታያል። ትራኪንግ (በፊደላት መሃል ያለው ርቀት) ነው?

ቀለምቀንድ፦ አይደለም፤ ስፋቱ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ሐ ባለ ሦስት እግር ስለሆኑ በእግሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ቀድሞ ይዘጋል። አማርኛውን ኮንደንስድ (ሰፋ የሚለው ጠባብ) ላይ አቁመውና ርዕሱን «የጅማ ቡና» ላይ ስበረው፣ ሁለት መስመር ነውር የለውም። ትራኪንጉ ላቲኑን -10 ቢሆን አማርኛውን ከ0 እስከ +10 አድርገው፤ የጎረቤት ፊደላት እግር ሲጠጋጋ አጥር ይመስላል።

ባለፕሌት፦ ሁዻን (በቁቤ ቃል ውስጥ የምትገባዋን የ’ ምልክት) አትርሳ። ከኪቦርዱ የሚመጣውን ቀጥ ያለ ጭረት ሳይሆን የተጠማዘዘውን ተጠቀም፤ ቀጥ ያለው እንዲህ ባለ ፎንት ውስጥ ምስማር መስሎ ነው የሚቆመው።